ከነርስነት በፊት የሚጨረስ አሶሺየት ዲግሪ፦ ጥቅሙና ዋጋው

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለነርሲንግ ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

ከመካከላችሁ ከሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ ጊዜያችሁን ሳላባክን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። የምናገረው ላለፉት ዓመታት በስልክም በአካልም ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው። ነርስ ለመሆን አስቦ በኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም በሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ፣ ቅድመ ኮርሶችን የሚወስድ ተማሪ፣ ወደ ነርሲንግ ፕሮግራሙ ከመግባቱ በፊት በጄኔራል ስተዲስ (በጠቅላላ ትምህርት) ወይም በሄልዝ ሳይንስ ሌላ አሶሺየት ዲግሪ ጨርሶ ቢይዝ ይጠቅመዋል ወይ? መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ለአብዛኞቻችን አይጠቅምም፤ ለእሱ ተብሎ ተጨማሪ ሴሚስተር የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ ይጎዳል። የሚጠቅምባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱንም አነሳለሁ፤ ነገር ግን እዚህ ያደረሰኝን ምክንያት በቁጥርም በኑሮም ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ቃል ላጥራ። አገር ቤት ‹ዲፕሎማ› ስንል ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ተምሮ የተገኘ፣ ሥራ የሚያስይዝ ማስረጃ ማለታችን ነበር፤ ዲፕሎማ ነርስ ሲባልም ሁላችንም እንግባባለን። እዚህ አገር ዲፕሎማ ሲባል ግን በአብዛኛው የሚታሰበው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ነው፤ በሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት የሚገኘው አሶሺየት ዲግሪ ይባላል። ወላጆች ልጃቸው ‹አሶሺየት ጨረስኩ› ሲላቸው ሥራ ያዘ ብለው ደስ የሚላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን አሶሺየት ዲግሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በነርሲንግ የሚሰጠው፣ የአርኤን፣ ማለትም የሙሉ ነርስነት፣ ፈቃድ ፈተና ላይ የሚያስቀምጠው ነው። ሁለተኛው በጠቅላላ ትምህርት የሚሰጠው፣ ለብቻው ምንም ዓይነት የሙያ ፈቃድ የማያስገኘው ነው። ዛሬ ‹ተጨማሪ› የምለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ይህ ተጨማሪ ዲግሪ እኔም አለኝ። ከደሴ ወደዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳትነት፣ ሥልጠና ወስጄ በአንድ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሥራ ጀመርሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አረጋውያኑን አገላብጠንና አንሶላቸውን ቀይረን ስንጨርስ፣ የአጥንቶችን ስም የጻፍሁባቸውን ትንንሽ ካርዶች ከዩኒፎርሜ ኪስ አውጥቼ በአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል በር ላይ ቆሜ አጠና ነበር። በየደቂቃው እጃችንን የምናጸዳበት ጄል ካርዶቹን እያራሰ ቀለማቸውን ስለሚያደበዝዘው በየሳምንቱ እንደገና እጽፋቸዋለሁ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂን ሁለቱንም ክፍል ኤ አመጣሁ። ማይክሮባዮሎጂን፣ ስታትስቲክስን፣ ሳይኮሎጂን ተራ በተራ ጨርሼ፣ ልጄን ወልጄ አንድ ዓመት ካረፍሁ በኋላ፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ ብዬ ወደ ኮሌጁ አማካሪ ሄድሁ። አማካሪው ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ፣ ‹ዲግሪ ለመያዝ የቀረሽ ጥቂት ነው፤ ጨርሺው› አለኝ።

ጥቂት የተባለው ስምንት ኮርስ ነበር። በሳምንት አርባ ሰዓት እየሠራሁና ልጅ እያሳደግሁ በሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ መውሰድ ስለማልችል፣ ስምንቱ ኮርስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ጋውን ለብሼ ተመረቅሁ፤ ፎቶግራፉን ለእናቴ ላክሁላት፤ እናቴም አሠርታ ሳሎን ሰቀለችው። በዚያው ዓመት ለነርሲንግ ፕሮግራም ሳመለክት ግን አናቶሚሽ አምስት ዓመት አልፎታል፣ እንደገና መውሰድ አለብሽ ተባልሁ። የፌዴራል መንግሥቱ እርዳታም ስመለከተው ከሁለት ሴሚስተር ብዙም የማይበልጥ ነበር የቀረኝ። ያን አማካሪ ክፉ ሰው ነው አልልም። ከፊቱ የነበረው ስክሪን የሚያሳየው የቀረውን ክሬዲት እንጂ የሌሊት ሥራዬን፣ ልጄንና የእርዳታውን ጣሪያ አልነበረም። ቢሆንም ሁለቱን ዓመታት የሚመልስልኝ የለም፤ እዚህ የቆምሁትም ሌላ ሰው እንዳይከፍላቸው ብዬ ነው።

እንዲህ ያለው ዲግሪ በእኛ ተማሪዎች ላይ የሚደራረበው ለምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ የስንፍና ወይም የዕውቀት ማነስ ጉዳይ አይደለም። የነርሲንግ ፕሮግራሞች የሚቀበሉት ሰው ቁጥር ውስን ነው፤ አስተማሪ ያጥራል፣ ተማሪ የሚለማመድባቸው የሆስፒታል ቦታዎች ያጥራሉ። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከባችለር ዲግሪ ጀምሮ ወደላይ ባሉ የነርሲንግ ፕሮግራሞች መስፈርቱን የሚያሟሉ 65,766 ማመልከቻዎች ሳይስተናገዱ ቀርተዋል። ስለዚህ ተማሪው ይጠብቃል። በሚጠብቅበት ጊዜ ገና ወደ ነርሲንግ ስላልገባ የነርሲንግ ተማሪ ተብሎ አይመዘገብም። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ደግሞ የሚከፈለው በአንድ የዲግሪ ወይም የሰርተፊኬት ፕሮግራም ለተመዘገበ ሰው፣ ያውም ለዚያ ፕሮግራም ለሚቆጠሩ ኮርሶች ብቻ ነው። ኮሌጁ ተማሪው እርዳታ እንዲያገኝ ጄኔራል ስተዲስ ላይ ያስመዘግበዋል። በወረቀት ላይ የምትማሩት ጄኔራል ስተዲስ፣ በልባችሁ የምትማሩት ነርሲንግ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ የሚገፋችሁ ወረቀቱ ወደሚለው ነው፤ የቀለም ሥዕል ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ የአካል ማጎልመሻ እያላችሁ የማታውቁትን ዲግሪ ታሟላላችሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን ቁጥር የሚያውቅ ተማሪ እምብዛም አላጋጠመኝም። ፔል ግራንት የፌዴራል መንግሥቱ የማይመለስ የትምህርት እርዳታ ነው፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ይህ እርዳታ የዕድሜ ልክ ጣሪያ አለው። ጣሪያው 600 በመቶ ይባላል፤ አንድ የሙሉ ጊዜ የትምህርት ዓመት 100 በመቶ፣ አንድ የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር 50 በመቶ ስለሆነ፣ በድምሩ አሥራ ሁለት የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ማለት ነው። በሴሚስተር ስድስት ክሬዲት ብቻ የሚወስድ ተማሪ 25 በመቶ ይቆጠርበታል። ትምህርት ስታቆሙ ቆጠራው ይቆማል፤ የተጠቀማችሁበት ግን ተመልሶ አይሞላም።

አገር ቤት ተወልዳ እዚህ የመጣች ተማሪን እናስብ። በመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ኮርሶችን በፔል ግራንት ሁለት ሙሉ ሴሚስተር ወሰደች፤ 100 በመቶ ሄደ። ቅድመ ኮርሶቹ ሠላሳ ክሬዲት ያህል ናቸው እንበል፤ እነሱም 100 በመቶ ይወስዳሉ። የነርሲንግ ፕሮግራሙ አራት ሴሚስተር ነው፤ 200 በመቶ። እስካሁን 400 ሆነ። ለባችለር ዲግሪዋ 200 በመቶ፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ዓመት ይቀራታል፤ አንድ ኮርስ ብትወድቅ ወይም ብታቋርጥም የምትተነፍስበት ቦታ አላት። አሁን ተጨማሪውን ዲግሪ እንጨምርበት። ስድሳ ክሬዲት ለመሙላት ከቅድመ ኮርሶቹ በላይ ሌላ ሠላሳ ክሬዲት ያስፈልጋታል፤ ይህም 100 በመቶ ነው። አርኤን ስትሆን 500 ላይ ትደርሳለች፤ አናቶሚ ደግማ ከወሰደች ከዚያም ያልፋል። ለባችለር ዲግሪዋ ቢበዛ አንድ ዓመት ይቀራታል፤ ከዚያ የሚያልፈውን በብድር ወይም በኪሷ ትጨርሳለች ማለት ነው። ለሥዕል ታሪክና ለጂኦግራፊ የወጣው አንድ ሙሉ ዓመት ያለ ጥርጥር ዕውቀት ነው፤ ዕውቀትን ማናናቅ አልፈልግም። የመጣው ግን ለነርስነቷ ከተቀመጠው እርዳታ ላይ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ጣሪያ አለ። የእርዳታ ተቀባይ ተማሪ ፕሮግራሙን ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 በመቶ ሳያልፍ መጨረስ አለበት። ስድሳ ክሬዲት ለሚጠይቅ ፕሮግራም ጣሪያው ዘጠና ክሬዲት ነው፤ የወደቃችሁትና አቋርጣችሁ ዳብሊው የተመዘገበባችሁ ኮርስ ጭምር ይቆጠራል። ዋና ትምህርታችሁን ከጄኔራል ስተዲስ ወደ ነርሲንግ ስትቀይሩ የቀደመውን ክሬዲት እንዴት እንደሚቆጥሩት ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ነርሲንግ በገባበት ሴሚስተር እርዳታው መቆሙን የሚገልጽ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ይግባኙ እስኪታይ ግን የትምህርት ክፍያው ቀን አይጠብቅም።

የሳይንስ ኮርሶች ዕድሜ ሁለተኛው ዋጋ ነው። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ ከተወሰደ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ ከሆነው አይቀበሉም፤ ጨርሶ የዕድሜ ገደብ የሌላቸውም አሉ። ተማሪው ተጨማሪውን ዲግሪ በሚጨርስበት ጊዜ እነዚህ ኮርሶች ያረጃሉ። ሥዕል ታሪክ አያረጅም፤ የሚያረጀው ያ በስንት ሌሊት እንቅልፍ የተገዛው አናቶሚ ነው። የመግቢያ ፈተናውንም፣ ቲስ ይሁን ሄሲ፣ ሳይንሱ ትኩስ እያለ መፈተንና ሁሉን ረስቶ መፈተን አንድ አይደለም።

ሦስተኛው ዋጋ በወረቀት ላይ አይታይም፤ ያልተገኘ ደመወዝ ነው። የአሜሪካ የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ እንዳሰፈረው በ2023 የአንድ አርኤን መካከለኛ የዓመት ገቢ 86,070 ዶላር፣ የኤልፒኤን፣ ማለትም ከአርኤን በታች ፈቃድ ያለው ነርስ፣ ደግሞ 59,730 ዶላር ነበር። ኤልፒኤን ሆና የምትሠራ እህታችን አርኤን መሆኗን በአንድ ዓመት ብታዘገይ፣ በዚህ መካከለኛ ገቢ ስናሰላው 26,340 ዶላር ቀረባት ማለት ነው። ሲኤንኤ ለሆነችው ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ያ ገንዘብ የቤት ኪራይ ነው፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆች የሚላክ ነው፣ ለልጅ መዋያ የሚከፈል ነው። ‹ጊዜው እንደሆን ያልፋል፣ ዲግሪ ብይዝበት ምን አለበት› የሚለው አነጋገር ይህን ገንዘብ አያስብም።

እንግዲህ መጠበቅ ግድ ሲሆን ምን ይደረግ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። መጠበቁ በራሱ የሚቀር አይደለም፤ ጠባቂው ግን ጊዜውን የሚያውልበት የተሻለ ነገር አለ። ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ሳይሆን በአካባቢያችን ላሉ ለሦስትና ለአራት ፕሮግራሞች ማመልከት ይቻላል፤ ከዚህ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሱ፣ ወንዙን ተሻግሮ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም ኖቫ፣ በስፕሪንግፊልድ የሕክምና ካምፓሱ ነርሲንግ ያስተምራሉ። የመግቢያ ፈተናውን ውጤት ማሻሻል፣ ሲ ያመጣችሁበትን የሳይንስ ኮርስ ማስተካከል፣ ኤልፒኤን ሆኖ ከዚያ ወደ አርኤን የሚያሻግረውን ፕሮግራም መመርመር፤ እነዚህ ሁሉ ወደ በሩ ያስጠጋሉ። መጠበቅ የሰለቸው ሰው ደግሞ አቋራጭ የሚሉትን እንዲጠነቀቅ እለምናለሁ። በጥር 2023 የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ ይፋ ባደረጉት ምርመራ፣ ፍሎሪዳ ከነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ተሽጦ ነበር። ከገዙት ሰዎች መካከል ገንዘባቸውንም ፈቃዳቸውንም ያጡ አሉ፤ ከሁሉ በላይ የታማሚ ሕይወት ለአደጋ ተጋልጧል።

አሁን ተጨማሪው ዲግሪ ወደሚጠቅምባቸው ሁኔታዎች ልምጣ። የመጀመሪያው፣ ነርሲንግን በኮሚኒቲ ኮሌጅ ሳይሆን በቀጥታ በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመማር ያሰበ ተማሪ ነው። በቨርጂኒያ የኮሚኒቲ ኮሌጆች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የመግቢያ ዋስትና ስምምነት አላቸው፤ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2018 አድቫንስ የሚባል የጋራ መንገድ ጀምረዋል። በእንዲህ ያለ መንገድ ለመሻገር የተዘጋጀ አሶሺየት ዲግሪ መጨረስ የጠቅላላ ትምህርቱን ግዴታ በአንድ ላይ ሊያስቆጥር ይችላል፤ ሳይጨርሱ ሲሻገሩ ግን ዩኒቨርሲቲው ኮርሶቹን እያንዳንዳቸውን ይመረምራል፤ ከዚያም አንዳንዱን ላይቀበል ይችላል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ዲግሪው ተጨማሪ ሳይሆን ዋናው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ዩኒቨርሲቲው መግባትና ወደ ነርሲንግ ትምህርት ቤቱ መግባት ሁለት የተለያዩ በሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዋስትናው የትኛውን በር እንደሚከፍት በጽሑፍ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ የማመልከቻ ነጥብ ላይ ቀደም ያለ ዲግሪን የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች መኖራቸው ነው። በካሊፎርኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች እንዲህ ያለ የነጥብ አሰጣጥ አለ። ወደዚያ ልትዛወሩ ያሰባችሁ ካላችሁ የኮሌጁን የነጥብ ሰንጠረዥ አውጥታችሁ እዩ፤ ዲግሪው የሚያስገኘው ነጥብ የመግቢያ ፈተና ውጤትን በማሻሻል ከሚገኘው ያነሰ ሊሆን ይችላልና ሁለቱን አነጻጽሩ። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ብቻ የቀረው፣ እነሱም ለወደፊቱ ባችለር ዲግሪ የሚቆጠሩለት ተማሪ ጨርሶ ይውሰደው። ስምንት ኮርስ ግን አንድ ወይም ሁለት አይደለም።

ከዚህ የተለየ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ተማሪ ‹ነርሲንግ ባይሳካ መጠባበቂያ ይሆነኛል› ብሎ ጄኔራል ስተዲስ ይጨርሳል። ለዚህ ዓላማ ከሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። መጠባበቂያ የሚሆነው ራሱ ሥራና ፈቃድ ያለው ዲግሪ ነው፤ የመተንፈሻ ሕክምና ወይም የራጅ ቴክኖሎጂ አሶሺየት ዲግሪ ለምሳሌ ሆስፒታል ገብቶ ያሠራል። እነዚህም በውድድር የሚገባባቸው፣ ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች ናቸውና እንደ ማቆያ ሳይሆን እንደ ሙያ የሚወዳቸው ሰው ይግባባቸው።

አገር ቤት በዲግሪ ተመርቃችሁ ለመጣችሁ ልዩ ቃል አለኝ። ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ፣ በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት ተመርቆ መጥቶ፣ እዚህ ከዜሮ እንደጀመረ ሰው ጄኔራል ስተዲስ ሲጨርስ ያየሁት ብዙ ነው። ባችለር ዲግሪያችሁ በትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ከተረጋገጠ፣ ለሌላ ሙያ ምሩቃን ተብሎ የተዘጋጀው የተፋጠነ የነርሲንግ ባችለር ፕሮግራም ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ወር በሚሆን ጊዜ ያስጨርሳል። ለዚህ ፕሮግራም በር የሚከፍተው ባችለር ነው፤ አሶሺየት ዲግሪ አይተካውም፣ አይጨምርበትምም። ከእናንተ የሚፈለገው የቀሩትን የሳይንስ ኮርሶች አንድ በአንድ ወስዶ ማሟላት ነው። ከውጭ አገር የተገኘ ቢሆንም እንኳ ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት እንደማያገኝ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ላይም እውነቱን ጻፉ። ዲግሪያችሁን ደብቃችሁ የወሰዳችሁት ገንዘብ በኋላ ተመልሶ ይጠየቃል።

አገር ቤት ነርስ የነበራችሁ ደግሞ፣ ሲስተር እየተባላችሁ ዋርድ ስታስተዳድሩ ኖራችሁ እዚህ ሲኤንኤ ሆናችሁ የምትሠሩ፣ ወደ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከመሄዳችሁ በፊት የክፍለ ግዛቱን የነርሲንግ ቦርድ ጠይቁ። ማስረጃችሁ ብዙዎቻችሁ ሲጂኤፍኤንኤስ በሚል ስም በምታውቁት ተቋም ተገምግሞ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታችሁ ተረጋግጦ፣ ያለ አዲስ ዲግሪ ለፈቃድ ፈተናው ልትቀርቡ የምትችሉበት መንገድ አለ። ትምህርት ቤታችሁ ወረቀት እስኪልክ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ያም ሆኖ አራት ዓመት አይፈጅም።

በነርሲንግ ስለሚሰጠው አሶሺየት ዲግሪ ጥቂት ልበል፤ እሱን ተጨማሪ እንዳትሉብኝ። ይህ ዲግሪ የተወለደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበረው የነርስ እጥረት ነው። ሚልድረድ ሞንታግ የተባሉ ምሁር በ1951 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ኮሌጅ ባቀረቡት የመመረቂያ ሥራ፣ ነርሶችን በሁለት ዓመት በኮሚኒቲ ኮሌጅ ማሠልጠን እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሙከራው ተጀመረ። እሳቸው ያሰቡት ከባችለር ነርስ የተለየ፣ ቴክኒካዊ ሥራ የሚሠራ ነርስ ነበር፤ በተግባር ግን ሁለቱም በአንድ የፈቃድ ፈተና ይፈተናሉ፣ አንድ ዓይነት የአርኤን ፈቃድ ይይዛሉ። ዛሬም ኤንክሌክስ አርኤን የሚባለው የፈቃድ ፈተና ፊት የተቀመጠን ሰው ኮምፒውተሩ ከየት ተመረቅህ ብሎ አይጠይቀውም። ለዚህ ነው ገንዘብና ጊዜ ላጠረው ሰው የኮሚኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ትልቅ በር የሆነው።

ከዚያ በኋላ ግን ባችለሩ ይቀጥላል። በ2010 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ነርሶች በ2020 ሰማንያ በመቶ ባችለር እንዲኖራቸው መከረ። ከዚያ በፊት በ2003 ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቻቸው በፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች ላይ ያወጡት ጥናት፣ ባችለር ያላቸው ነርሶች ድርሻ በአሥር በመቶ ሲጨምር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታማሚዎች በሠላሳ ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በአምስት በመቶ ከመቀነሱ ጋር እንደተያያዘ አሳይቷል። ኒው ዮርክም በታኅሣሥ 2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ አርኤኖች ፈቃድ ባገኙ በአሥር ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ ትጠይቃለች። በአካባቢያችን ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ሲቀጥሩ ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ። ስለዚህ ፔል ግራንቱን ለዚህ ደረጃ ማትረፍ ያስፈልጋል የምለው በግምት አይደለም። ደግነቱ፣ አርኤን ሆኖ ሆስፒታል የገባ ሰው በአሠሪው ሊማር ይችላል፤ የፌዴራል የግብር ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ እንዲከፍል ይፈቅዳል። እኔ ባችለሬን የጨረስሁት በዚህ ነው።

በሜሪላንድ ያላችሁ አንድ ዕድል እንዳያመልጣችሁ። በኮሚኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ የተቀበላችሁ ተማሪዎች በዚያው ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት የባችለር ኮርሶችን አብራችሁ እንድትጀምሩ የሚያስችል ኤቲቢ የሚባል መንገድ አለ። አሶሺየት በነርሲንግ ስትጨርሱ ለፈቃድ ፈተናው ትቀርባላችሁ፣ ሥራ ትጀምራላችሁ፣ ባችለሩም ብዙ አይቀረውም። በተጨማሪ ኮርስ ጊዜን መሙላት ካስፈለገ፣ ጊዜው የሚሞላው ለዚህኛው በሚቆጠር ኮርስ ነው።

ዲግሪውን በመተዋችሁ የሚቆጫችሁ ከሆነ ደግሞ ሪቨርስ ትራንስፈር የሚባል አሠራር እንዳለ ልንገራችሁ። ሳትጨርሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተሻገራችሁ፣ እዚያ የወሰዳችሁት ክሬዲት ወደ ኮሚኒቲ ኮሌጁ ተልኮ፣ መስፈርቱ ሲሟላ አሶሺየቱ በኋላ ሊሰጣችሁ ይችላል። ሁሉም ኮሌጆች አያደርጉትም፤ መጠየቅ ግን በነፃ ነው።

ወላጆች፣ አንድ ነገር በአክብሮት ልለምናችሁ። ልጃችሁ ጋውን ለብሶ ማየት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእናቴ ሳሎን ያለውን ፎቶግራፍ ነግሬያችኋለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ወደ እሱ ነው የምትጠቁመው፤ የነርሲንጉ ፎቶግራፍ ከሥሩ ነው ያለው። ያን ደስታ የሚንቅ ልብ የለኝም። ነገር ግን ‹መቼ ነው የምትመረቀው?› የሚለው ጥያቄ በየእሁዱ ሲደጋገም ተማሪው ቶሎ የሚገኘውን ምረቃ እንዲመርጥ ይገፋዋል። ‹ማመልከቻህን አስገባህ ወይ? አናቶሚህ ስንት ዓመት ሆነው?› ብላችሁ ብትጠይቁት ለልጁ መንገዱን ታሳጥሩለታላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ትራንስክሪፕቷን ይዛ ቤቴ መጣች። ወረቀቱን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ሃምሳ አንድ ክሬዲት ነበራት፤ ለዲግሪው ሦስት ኮርስ ይቀራታል፤ የንግግር ጥበብ፣ የሥዕል ታሪክና የአሜሪካ ታሪክ። በእርሳስ ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ጥያቄ ጻፍን፤ ነርሲንጉ ይፈልገዋል? ባችለሩ ይፈልገዋል? ፔሉ ይችለዋል? አናቶሚዋ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የፌዴራል የተማሪዎች እርዳታ ድረ ገጽ ላይ በራሷ መለያ ገብታ ስታይ 310 በመቶ ተጠቅማለች። ቀሪውን በጣቷ ስትቆጥር ዝም አለች። የንግግር ጥበብን ልታመለክትበት ያሰበችው ዩኒቨርሲቲ ለባችለሩ ስለሚፈልገው ያን ብቻ ወሰደች፤ ሁለቱን ተወቻቸው፤ በዚያው ወር ለሦስት ፕሮግራሞች አመለከተች። ሁለቱ አልተቀበሏትም፤ አንዱ ተቀበላት። አሁን ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ናት፤ ባለፈው ማክሰኞ ከመጀመሪያው የሆስፒታል ክሊኒካሏ ወጥታ፣ ገና ባጇን ሳትፈታ፣ ከመኪና ማቆሚያው ደወለችልኝ።

ትራንስክሪፕታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ እኔም እርሳሴን ይዣለሁ፤ አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ።